በ«ሰማያዊዋ ፕላኔት» ላይ ስምና ቦታ እንሸጣለን ለሚሏችሁ አትክፈሉ

«ሰማያዊዋ ፕላኔት» እየተባለች በምትጠራው፣ ከፀሐይ ሌላ ኮከብን በምትዞረው ኤችዲ 189733 ቢ ላይ «ቦታ ከነካርታው» ወይም «በልጅዎ ስም የሚመዘገብ ስያሜ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ። ብዙ ሰው የሚታለለው ማስታወቂያው ከላይ እስከ ታች ውሸት ስላልሆነ ነው። ፕላኔቷ በእርግጥ አለች፤ ርቀቷና ሙቀቷም በትክክል ይጻፋል። ፈጠራው የሚገባው ከእነዚህ ትክክለኛ ቁጥሮች ሥር ተሸጉጦ ነው።

እውነቱን እናስቀድም። ፕላኔቷ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሆን ከእኛ 64 የብርሃን ዓመት ያህል ትርቃለች። ክብደቷ ከጁፒተር በትንሹ ይበልጣል። ኮከቧን በ2.2 ቀን ትዞራለች። ለኮከቧ ያላት ቅርበት ምድር ከፀሐይ ካላት ርቀት አንድ ሠላሳኛው ያህል ብቻ ስለሆነ ሙቀቷ ወደ 1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል። ነፋሷም በሰዓት እስከ 8,700 ኪሎ ሜትር ይከንፋል።

አሁን ወደ ካርታው። እንዲህ ያሉት «ሞቃት ጁፒተሮች» (ለኮከባቸው በጣም የቀረቡ ግዙፍ የጋዝ ፕላኔቶች) በአብዛኛው ሃይድሮጅንና ሂሊየም ናቸው። ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር ጋዙ እየታመቀ ይሄዳል እንጂ ችካል የሚተከልበት መሬት አይገኝም። «የፀሐይ መውጫን የሚያይ ቦታ» የሚለውም አይሆንም፤ አንዱ ፊቷ ሁልጊዜ ወደ ኮከቧ ስለዞረ እዚያ የሚነጋም የሚመሽም የለም። «ባሕር ዳር» የሚሉት ደግሞ ከቀለሟ የመጣ ነው። ሰማያዊ መሆኗ እ.ኤ.አ. በ2013 በሃብል ቴሌስኮፕ የታወቀው ፕላኔቷ ከኮከቧ ጀርባ ስትገባ የሰማያዊው ብርሃን በጥቂቱ ስለቀነሰ ነው። ሰማያዊ ያደረጋትም ውኃ ሳይሆን በከባቢ አየሯ ውስጥ የሚንሳፈፍ የሲሊኬት (የመስታወት ዓይነት ማዕድን) ብናኝ እንደሆነ ይታሰባል። ከሰርተፍኬቱ ጋር የሚላከው «ፎቶ» ሠዓሊ የሣለው ነው፤ ይህችን ፕላኔት ፎቶ ያነሳት ማንም የለም። ሥዕሉን ራሱ ከናሳ ድረ ገጽ በነጻ ማውረድ ትችላላችሁ።

የስሙ ጉዳይ ይበልጥ ያሳስባል፣ ምክንያቱም ለልደትና ለሙታን መታሰቢያ ብለው የሚገዙት አሉ። በሳይንሱ ዓለም ተቀባይነት ያለውን ስም የሚያጸድቀው ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ነው፤ እሱም ስም አይሸጥም። እ.ኤ.አ. በ2019 ኅብረቱ ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት ሲሰጥ የኢትዮጵያ ድርሻ ኤችዲ 16175 ነበር፦ ኮከቡ «ቡና»፣ ፕላኔቷ «አቦል» ተባሉ። ማንም አልገዛውም። ቦታ መሸጥም ቢሆን መሠረት የለውም፤ እ.ኤ.አ. የ1967ቱ የጠፈር ስምምነት መንግሥታት እንኳ የሰማይ አካልን የግላቸው እንዳያደርጉ ይከለክላል።

ለማጣራት የናሳን የኤክሶፕላኔት (የሌሎች ኮከቦች ፕላኔቶች) መዝገብ ክፈቱና ሻጩ የሰጣችሁን ስም ፈልጉ። «አቦል» ይገኛል፣ የተሸጠላችሁ ስም አይገኝም። ሻጩ «በራሳችን መዝገብ ነው ያለው» ካለ የገዛችሁት ከእሱ ኮምፒውተር ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። ለ«ባለቤትነት ዝውውር» የመታወቂያ ወይም የፓስፖርት ፎቶ ከጠየቃችሁ ፈጽሞ አትላኩ፤ ገንዘቡ ቢመለስ እንኳ እሱ አይመለስም።

ከፍላችሁ ከሆነ ማስታወቂያው ከመጥፋቱ በፊት ገጹን በስክሪን ሾት አስቀሩ፣ ደረሰኙንም ያዙ። የከፈላችሁት በባንክ ካርድ ከሆነ ዛሬውኑ ለባንካችሁ የክፍያ ተቃውሞ አቅርቡ፣ የጊዜ ገደብ አለው። «ዓመታዊ ማደሻ» የሚል ነገር ውሉ ውስጥ ካለ ካርዱን አዘግታችሁ ሌላ አውጡ። በሞባይል ወይም በሐዋላ የተላከን ማስመለስ ከባድ ነው፤ ቢሆንም የዝውውር ቁጥሩን ይዛችሁ ለላካችሁበት ተቋም አመልክቱ።

ለልጅ ኮከቧን ማሳየት ለምትፈልጉ፣ በጥቅምት መጀመሪያ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ሰማይ አናት አጠገብ ትገኛለች። በዓይን ብቻ አትታይም፤ 10 በ50 ባይኖኩላር ይበቃል። በስልካችሁ የሰማይ ካርታ ኤም 27 የተባለውን ኔቡላ (የጋዝ ደመና) ፈልጉ፤ ኮከቧ ከእሱ በስተምሥራቅ፣ የጨረቃን ግማሽ ስፋት ያህል ፈቀቅ ብላ ትታያለች።