"ሴራሚክ አይነካም" ብለው ፎርጅድ ሚክሰር ይሸጡላችኋል፤ ተጠንቀቁ

የሻወር ሚክሰር ለመቀየር ያሰባችሁ፣ በተለይ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳትከፍሉ።

የሳኒተሪ ዕቃ ሻጮችን ዓይነት ታውቃላችሁ። ገና ከበር "እህቴ፣ ምን እንታዘዝ?" ብለው ወንበር ይስባሉ፤ ይሄ የቱርክ ነው፣ ያ የጣሊያን ነው ይላሉ። የእኔ ፍላጎት ቀላል ነበር። የድሮው ሚክሰር ሲያንጠባጥብ ከርሞ በመጨረሻ እጀታው ተላቀቀ። ግድግዳ ማስፈረስ ግን አልፈልግም። ቤቱን ስንረከብ ያስለበጥነው ሴራሚክ ዛሬ ገበያ ላይ የለም፤ አንዱ ከተሰበረ ግድግዳው በሙሉ መቀየሩ ነው። ከበታቻችንም ሰው ይኖራል፣ ውሃ ቢሰርግ የሚወርደው እነሱ ላይ ነው። ሻጩ ይህን ሁሉ ሰምቶ "አታስቢ" አለኝ። የሙቁና የቀዝቃዛው ቧንቧ አፍ ከመሀል እስከ መሀል 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አዲሱ ልክ በድሮው ቦታ ይገባል፤ ትንሽ ቢዛባም ሚክሰሩን ከቧንቧው የሚያያይዙት ጠማማ ማገናኛዎች ያስተካክሉታል አለ። ይሄ እውነት ነው። የዋሸኝ በዕቃው ነው።

መደርደሪያው ላይ የነበረውን ሚክሰር አውርዶ እጄ ላይ አስቀመጠው። "ክብደቱን እዪው፤ ንጹህ ብራስ ነው።" እውነትም ከባድ ነበር። ገጣሚውን ጨምሮ 14,000 ብር የከፈልኩት ለእሱ ነው። የተሰጠኝ ግን ሠራተኛው ከጓዳ ያወጣው፣ ዙሪያውን በፕላስተር የታሸገ ካርቶን ነው። ክፈቱልኝ ስል "ከፋብሪካ እንደታሸገ ነው፣ ከተከፈተ ዋስትናው ይቀራል፤ ባለሙያው ቤትሽ ይከፍተዋል" አለኝ።

ገጣሚው የእነሱ ሰው ነው። ደውለው የጠሩት እነሱ፣ የእጅ ዋጋውን የተቀበሉት እነሱ። መጥቶ የድሮውን በሰላም ፈታ፣ ቴፍሎኑን ጠመጠመ፣ አንደኛዋን ማገናኛ አስገባ። ሁለተኛዋን ሲያጠብቅ ቀጭ አለች። ግማሿ ቁልፉ ላይ፣ ግማሿ ግድግዳው ውስጥ ቀረች። ልጁ ስባሪዋን ወደ መብራቱ አስጠግቶ አየና በራሱ አፍ "ይሄ ብራስ አይደለም፤ ብራስ ቢሆን ውስጡ ቢጫ ነበር። ይሄ ግራጫ ነው፣ ዚንክ ነው። እኔ ገና አላጠበቅኩትም" አለ። ባለቤቴም ሰምቷል። "ነገ አብረን እንሄዳለን፣ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ" ብሎን፣ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። ዋናውን ቫልቭ ዘግተን አደርን። የሰፈራችን የውሃ ፈረቃ ደግሞ ያን ሌሊት ነበር፤ አንድ ጄሪካን ሳንሞላ አለፈን።

በማግስቱ ሱቁ በሰው ተሞልቷል። ስባሪዋን ከነካርቶኑ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። ሻጩ በእጁ እንኳ አልነካትም፤ በእስክሪብቶ ጫፍ ገፋ አደረጋትና "ይቺ ከእኛ ሱቅ አልወጣችም" አለ። ደረሰኙን ሰጠሁት። "የሳኒተሪ ዕቃ ነው የሚለው፤ ብራስ የሚል የት አለ?" አለኝ። ወደ ገጣሚው ዞርኩና "ትናንት ያልከውን ንገረው" አልኩት። ልጁ አላየኝም። ሻጩ ድምፁን ሳያሰማ በስሙ ጠራውና "እስቲ ንገራት፣ ምን ነበር የሆነው?" አለው።

"የሴትዮዋ ቧንቧ ዝጓል። ጥርሱ ተበልቷል። ግድግዳው መፍረስ አለበት ብያት ነበር፤ እሷ ናት ግድ ግጠም ያለችኝ።"

በሰው ፊት፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ! የቤታችን ቧንቧ ፒፒአር ነው፤ ፕላስቲክ ይዝጋል እንዴ? አፉ ላይ ያለው ጥርስ ደግሞ ብራስ ነው፣ እሱም አይዝግም። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። መናገር አቃተኝ። ዕቃ ሊገዙ የመጡ አንድ አባት ስባሪዋን አንስተው "ልጄ፣ ይሄማ ብራስ አይደለም" ቢሉ ሻጩ "አባባ፣ ሊገዙ ነው የመጡት ሊዳኙ?" አላቸው። ከዚያ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለውን ወረቀት በጣቱ አሳየኝና ሠራተኛውን "ሴትዮዋን ሸኛት፣ ሥራ አስፈታችን" አለው።

የሻጩን ነገር እችለዋለሁ። የልጁ ነው የሚያንገበግበኝ። እንጀራው በእነሱ እጅ እንደሆነ ይገባኛል፤ ቢገባኝም ይቅር አልለውም። እውነቱን ባይናገር እንኳ ዝም ማለት ይችል ነበር።

እናንተ ካርቶኑን እዚያው ሱቁ ውስጥ አስከፍቱ። የማገናኛውን ጥርስ በቤት ቁልፍ ጫር አድርጋችሁ ቢጫ ካልሆነ ትታችሁ ውጡ። ማግኔት አይጠቅማችሁም፤ ብራስንም ዚንክንም አይስብም። ደረሰኙ ላይ "ብራስ" ብለው ይጻፉ። በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ የማስለወጥ ወይም ብራችሁን የማስመለስ መብት አላችሁ፤ እኔም ስባሪዋንና ደረሰኙን ይዤ ወደ ንግድ ቢሮ እየሄድኩ ነው።

እስከዚያው ግድግዳው ውስጥ የቀረችውን ቁራጭ ሴራሚኩ ሳይነካ የሚያወጣ፣ የማውጫ መሣሪያው ያለው፣ ለየትኛውም ሱቅ የማይሠራ ባለሙያ የምታውቁ በውስጥ ጻፉልኝ።