ታርጌት ፓኒክ ላሠቃያችሁ ሁሉ፦ እኚህን አሰልጣኝ ሂዱና አግኟቸው

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ አካባቢ ያላችሁ፣ ቀስት የምትተኩሱ ወይም ልጆቻችሁን ቀስት የምታስተምሩ ሐበሾች፣ እስቲ ይቺን አንብቡልኝ። ብዙ እንዳልሆንን አውቃለሁ። አንድ ሰው ከጠቀመ ይበቃኛል።

ታርጌት ፓኒክ ማለት ቀስት ተኳሽ ኢላማውን ሲያይ የሚይዘው ፍርሃት ነው፤ ያልደረሰበት ሰው ሲሰማው ይስቃል። ደጋኑን እስባለሁ፣ ዓይኔ ኢላማው መሃል ያለችው ቢጫዋ ላይ ገና ከማረፉ ጣቴ ራሱ ይለቃል። ሳላዘው! አንዳንዱ ሰው ደግሞ ክንዱ ከቢጫው በታች ድርቅ ብሎ ንቅንቅ አይልለትም። እኔ 18 ሜትር ላይ ያለውን የ40 ሳንቲሜትር የኢላማ ወረቀት ጨርሶ ስቼ ግድግዳ እስከመምታት ደርሻለሁ። እናቴ በስልክ ስነግራት "የሰው ዓይን ነው፣ ጸበል ሂጂ" አለችኝ።

ከእሷ ምክር የባሰውን ደግሞ በገንዘቤ ገዝቻለሁ። አንዱ ቦታ "ችግሩ ደጋንሽ ነው" ብለው አዲስ አሸከሙኝ። ዋጋውን ባላነሳው ይሻላል። በአዲሱም ያው ነው። ሌላው ቦታ አሰልጣኙ ከኋላዬ ቆሞ "ዘና በይ! ዘና በይ!" እያለ ይጮህብኛል። እየተጮኸበት ማን ዘና ይላል? ጭራሽ የኮሪያ ሴቶችን ቪዲዮ እያሳየኝ "እንደነሱ ተኩሺ" ይለኛል። ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኦሎምፒክን የቡድን ወርቅ ለማንም ካላስቀመሱ ሴቶች ጋር! መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ያለቀስኩበት ቀን አለ። ስማቸውን አልጠራም፣ እግዜር ይያቸው።

እኚህን ሰው የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ሸምገል ያሉ አሜሪካዊ ናቸው፤ እኔ በልቤ "ጋሼ" ነው የምላቸው። መጀመሪያ ያደረጉት ወረቀቱን መንቀል ነው። ባዶ ጭድ ፊት በቅርብ አቁመው፣ ዓይኔን ጨፍኜ ያስተኩሱኝ ጀመር። ስለ ጀርባ ጡንቻ ያስረዱኝን ግማሹን አልገባኝም። ክሊከሯ (ቀስቱ እስከ ልኩ ሲሳብ ድምፅ የምታሰማ፣ ደጋኑ ላይ ያለች ትንሽ ነገር) "ቀጭ" ሳትል እንዳልለቅ ግን ገብቶኛል።

ወረቀቱ የተመለሰ ዕለት እጄ ተንቀጠቀጠ። በጎን ያሉት ሰዎች ማየት ጀመሩ። ጋሼ ምንም አላሉም። መጡና ጀርባቸውን ለሰዎቹ ሰጥተው፣ እኔን ከልለውኝ ቆሙ። "ሳቢ፣ ቢጫው ላይ አሳርፊ፣ ከዚያ ሳትተኩሺ አውርጂ።" ሳብኩ፣ አወረድኩ። ደግሜ ሳብኩ፣ አወረድኩ። አንድ ቀስት ሳይወጣ ሰዓቱ አለቀ። ልከፍል ስል "ምን ተኮስሽና!" ብለው እምቢ አሉ።

የዚያን ቀን ነው ፍርሃቱ የለቀቀኝ። አሁንም እስታለሁ፣ ግን ቢጫዋን እያየሁ ቆይቼ፣ በፈለግኩበት ሰዓት ነው የምለቀው። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ!

አዲስ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት እሳቸው ጋ ሂዱ። በድጋሚ እላለሁ፣ ሂዱ። አድራሻውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እልካለሁ። ቅዳሜ ሰው ይበዛል፣ በሥራ ቀን ማታ ይሻላችኋል። የአገራችንን ቡና አስለምጃቸዋለሁና ትንሽ ቆሎም ሆነ ቡና ይዛችሁ ብትሄዱ አይጠሉም።