ትንንሽ አክሲዮኖች፦ እስኪወርድ መጠበቅ ይሻላል ወይስ በየወሩ መግዛት?

ገበያው መናጥ ሲጀምር አሜሪካ ያለን ሰዎች ስልካችንን ከፍተን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «አሁን ልግባ ወይስ ትንሽ ይውረድ?» ጥያቄው የሚብሰው በትንንሽ ኩባንያዎች አክሲዮን ላይ ነው። ብዙዎቹ ወለዱ ከፍ ዝቅ በሚል ብድር ይሠራሉ። ገዢያቸውም ከትልልቆቹ ያንሳል። ስለዚህ መጥፎ ወሬ ሲመጣ አወዳደቃቸው ይከፋል።

መጀመሪያ መጠበቅን እንይ። በ2020 ኮቪድ ሲገባ፣ 2 ሺህ ገደማ የአሜሪካ ትንንሽ ኩባንያዎችን ዋጋ ባንድ ላይ የሚለካው ራስል 2000 ኢንዴክስ በአንድ ወር ውስጥ ወደ 40 በመቶ ወረደ። ያኔ የገዛ ተጠቀመ። ግን ማን ደፍሮ ገዛ? «ገና ይወርዳል» የሚለው ይበዛ ነበር፤ እኔም ጭምር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ኢንዴክሱ በአንድ ወር ብቻ 18 በመቶ ሲወጣ ዳር ቆሜ አየሁ። በ2025ም ኤፕሪል 8 ላይ ትራምፕ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የጣሉት ታሪፍ (ቀረጥ) ያመጣው ድንጋጤ የኢንዴክሱን ዋጋ የዓመቱ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ጣለው። በማግስቱ ታሪፉ ለ90 ቀን መገታቱ ሲነገር ከ8 በመቶ በላይ ዘለለ። ጠባቂ የሚያመልጠው እንዲህ ያለው ቀን ነው።

በየወሩ እኩል ገንዘብ ማስገባት ደግሞ እቁብ እንደመጣል ነው። ዋጋው ሲወርድ ብዙ አክሲዮን ይገዛልሃል፣ ሲወደድ ጥቂት። ጉድለትም አለው፤ ገበያው ሳይወርድ ሽቅብ ከሄደ አንዴ ጠቅልሎ የገባው ይበልጥሃል። ቢሆንም ለትንንሽ አክሲዮን እኔ እቁቡን እመርጣለሁ። ያለውን ሁሉ አስገብቶ 40 በመቶ ሲወርድበት ሳይሸጥ የሚተኛ ሰው ብዙ አላየሁም። ገንዘቡ በሁለት ዓመት ውስጥ ለቤት ቀብድ የምትፈልገው ከሆነ ግን በየትኛውም መንገድ አታስገባው።

የቱን ፈንድ (ብዙ አክሲዮኖችን ባንዴ የሚገዛልህን ጥቅል)? አይ ደብሊው ኤም (IWM) የተባለው ራስል 2000ን ይከተላል፤ በ10 ሺህ ዶላር በዓመት 19 ዶላር ያስከፍላል። አይ ጄ አር (IJR) ደግሞ ኤስ ኤንድ ፒ 600 የተባለውን ሌላ የትንንሽ ኩባንያዎች ኢንዴክስ ይከተላል፤ ክፍያው 6 ዶላር ነው። ከክፍያው በላይ የሚለያያቸው ግን ሌላ ነው። ወደ ኤስ ኤንድ ፒ 600 ለመግባት ኩባንያው ትርፍ ማሳየት አለበት። ራስል 2000 እንዲህ ያለ ማጣሪያ ስለሌለው ኪሳራ ላይ ያሉትንም ይዞ ይሄዳል። ገበያው በደስታ ሲያብድ እነሱ ሊፈነጠሩ ይችላሉ። ገበያው ለሚናጥበት ጊዜ ግን ምርጫዬ አይ ጄ አር ነው።

አንድ ነጠላ አክሲዮን የምትገዛ ከሆነ የምትገዛበት ዘዴ ከምትገዛበት ቀን ይበልጣል። ገዢ 8 ዶላር፣ ሻጭ 8.40 ብለው ቢፋጠጡ፣ በማርኬት ኦርደር («ባለው ዋጋ ወዲያው ግዛልኝ» በሚል ትእዛዝ) ስትገባ በ8.40 ትገዛለህ። ወዲያው ልሽጥ ብትል የሚሰጥህ 8 ነው፤ 5 በመቶ ገደማ በዚያችው ደቂቃ ሄደ። በሊሚት ኦርደር (የዋጋ ጣሪያ ባለው ትእዛዝ) ግን «ከ8.15 በላይ አልከፍልም» ብለህ ታስቀምጣለህ። ላይገዛልህ ይችላል፤ ይሁን። ገበያው በኒውዮርክ ሰዓት ጠዋት 3፡30 (9:30 AM) ላይ ሲከፈት ያለችውን የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ግን ዝለላት፤ በገዢና በሻጭ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት የሚሰፋው ያኔ ነው።