ላጋቩሊን 16 ወይስ ግሌንፋርክላስ 15?

ሁለቱም የስኮትላንድ ሲንግል ሞልት (በአንድ ፋብሪካ፣ ከገብስ ብቅል ብቻ የሚሠራ) ውስኪ ናቸው፤ ቁጥሩ በርሜል ውስጥ የቆዩበት ዓመት ነው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው።

ላጋቩሊን የአይላ ደሴት ልጅ ነው። ገብሱ የሚታጠነው በፒት ጭስ ነው፤ ፒት ረግረግ ውስጥ ለዘመናት የተከማቸ የዕፅዋት ብስባሽ ነው። ብርጭቆውን ገና ወደ አፍንጫ ስታስጠጉት ጭሱ ይቀድማችኋል። እኔ በወይራ የታጠነ የጠላ ጋን ነው ትዝ ያለኝ። ከዚያ ጨው ጨው ይላል። ጣፋጩ ዘግይቶ፣ ከተዋጠ በኋላ ይመጣል።

ግሌንፋርክላስ ከሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ፣ ከስፔይሳይድ ነው፤ የሼሪ (ጠንከር ያለ የስፔን ወይን ጠጅ) በርሜል ውስጥ የተኛ። ዘቢብ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ቅርንፉድ። አልኮሉ 46 በመቶ ስለሆነ (ላጋቩሊን 43 ነው) ምላስ ይቆነጥጣል። ሁለት ሦስት ጠብታ ውሃ ሲነካው ግን አደብ ይገዛል። በረዶ? ኧረ ተዉ፣ ሽታውን ይገድለዋል።

ለጀማሪ ግሌንፋርክላስን እቀዳለሁ። ለራሴ ግን ላጋቩሊን፤ ባዶው ብርጭቆ እንኳ በማግስቱ ጭስ ጭስ ይላል።