ስኖርክል ይገጠም ወይስ ይቅር? ለሐዋሳ መኪና የቱ ያዋጣል

ባለፈው ዓመት ያገለገለ ሃይሉክስ ልገዛ ብዬ እዚሁ ሐዋሳ አንድ ግቢ ገባሁ። መኪናው ነጭ ነው። ከፓራፋንጎው ተነስቶ እስከ ጣሪያው የሚወጣ ጥቁር ስኖርክል፣ ማለትም ሞተሩ አየር እንዲስብበት የሚገጠም ቱቦ፣ አለው። ሻጩ ከዋጋው በፊት እሱን ነው ያሳየኝ። «ይሄ መኪና ወንዝ አይፈራም» አለኝ።

ሞተሩን አስነስቼ የስኖርክሉን አፍ በጠፍጣፋ ላስቲክ ግጥም አድርጌ ደፈንኩት። ሞተሩ መታፈን ነበረበት። ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ቀጠለ። ኮፈኑን ከፍቼ ሳይ ፓራፋንጎው ላይ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ጭራሽ የለም። ቱቦው በአራት ብሎን የታሰረ ጌጥ ነበር። ሻጩ ሳቅ አለና «ለግርማ ሞገስ ነው» አለ።

ስለዚህ «ስኖርክል ያዋጣል ወይ?» ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ «የትኛው ስኖርክል?» እለዋለሁ። የሚነጻጸሩት እውነተኛውና ያለ ስኖርክል መሄድ ናቸው። ጌጡ ውድድር ውስጥ የለም። እንዲያውም ከባዶው ይብሳል፤ ባለቤቱን በማይገባበት ውሃ ያስገባዋል።

ፒያሳ መኪና የሚጠብቁ ልጆች ስኖርክሉን ጭስ ማውጫ ይሉታል። ተቃራኒው ነው፤ የሞተሩ አፍንጫ ነው። አብዛኛው መኪና አየር የሚስበው ከፊት መብራቱ ጀርባ፣ ከፓራፋንጎው ውስጥ ነው። ስኖርክል ያንን አፍንጫ ወደ ጣሪያ ከፍ ያደርገዋል። ሥራው ይኸው ነው። ጉልበት ይጨምራል፣ ናፍጣ ይቆጥባል ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ አዳምጡና እለፉት።

ውሃው

ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። የድሮው ሃርድቶፕ ላይ ያለውን ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ውሰዱ። ስድስት ሲሊንደር አለው፤ አንዱ 700 ሲሲ ገደማ ነው። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ለታመቀው አየር የሚቀረው ቦታ 30 ሲሲ ቢሆን ነው። ግማሽ የቡና ሲኒ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ውሃ ከገባ ፒስተኑ መሄጃ ያጣል፣ ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ፣ ቢየላው፣ ይጣመማል፣ ሞተሩ ይወርዳል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከታገደ ወዲህ ደግሞ እጃችን ላይ ያለ የናፍጣ ሞተር እንደ ዓይን ብሌን ነው የሚጠበቀው።

ታዲያ ስኖርክል ያስፈልጋል ማለት ነው? ቆይ። አምራቾቹ ራሳቸው መኪናው የሚችለውን የውሃ ጥልቀት ይነግሩናል። ሃይሉክስ 70 ሴንቲ፣ ፎርድ ሬንጀር 80፣ አዲሱ ዲፌንደር 90፣ ትንሿ ጂምኒ 30። 70 ሴንቲ ማለት ቆማችሁ ስትለኩት ከጉልበት በላይ፣ ጭን ጋ ነው። ሐዋሳ ውስጥ ክረምት መንገድ ላይ የሚተኛው ውሃ እዚያ ሳይደርስ አብዛኛው ሰው መኪናውን አዙሮ ይመለሳል። መመለሱም ደግ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላ ነገር አለ። ስኖርክል ስለተገጠመ ይህ ቁጥር አያድግም። ዲናሞው፣ ኤሌክትሪኩ፣ ካምቢዮውና ጉልበቱን ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ያው ታች ናቸው። የሚፈስ ውሃ ከሆነ ደግሞ 60 ሴንቲ እንኳ ብዙ መኪና አንስቶ ይወስዳል። ደቡብ ኦሞ የሠራ ሾፌር ይህን ያውቃል፤ ፀሐይ እየወጣ፣ ደጋ ላይ በጣለው ዝናብ ደረቁ ወንዝ ድንገት ይሞላል። አፍንጫው ጣሪያ ላይ ስለሆነ መኪናው አይሰጥምም፣ አይንሳፈፍምም ያለ ሰው የለም።

የእኔን ጥፋት ልንገራችሁ። ድሮ በነበረኝ መኪና ከረጅም ጉዞ በኋላ ዲፈረንሻሉ እንደጋለ ቀዝቃዛ ጅረት ውስጥ ገባሁ። ውሃው ጎማውን እንኳ አልሸፈነም። ከሳምንት በኋላ መካኒኩ ዘይቱን ሲያፈስ ጠራኝ። «ጋሼ፣ ማኪያቶ ይጠጣሉ?» አለኝ። እውነትም ማኪያቶ ይመስል ነበር። የጋለ ዲፈረንሻል ድንገት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ አየር በሚወጣበትና በሚገባበት ትንሽ መተንፈሻው በኩል ውሃ ይስባል። መፍትሔው ከመተንፈሻው ላይ ቀጭን የጎማ ቱቦ ቀጥሎ ወደ ሞተር ክፍል ማውጣት ነው። ዋጋው ከስኖርክሉ ጋር አይወራም። ስለዚህ በውሃ በኩል ምርጫው «ስኖርክል ወይስ የመተንፈሻ ጎማ» ከሆነ፣ ዓይኔን ሳላሽ ጎማውን እመርጣለሁ። ስኖርክሉ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

አቧራው

ለኛ አካባቢ የስኖርክል ትልቁ ጥቅም፣ በእኔ ግምት፣ ውሃው ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው። የስምጥ ሸለቆው አቧራ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፤ እንደ ዱቄት የላመ፣ ውስጡ ግን የሚፍቅ። የአየር ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ አልፎ የገባ ካለ የሚበላው ፒስተንና ተርቦ ነው።

የአጎቴ ልጅ እውነተኛ ስኖርክል ያለው ሃርድቶፕ አለው። በበጋ ሁለታችን ወደ ሎካ አባያ ሄደን ተመለስንና ማታ ፊልትሮ ከፈትን። የእኔን ጨርቅ ላይ ሳራግፈው እፍኝ የሚሞላ አቧራ ወጣ። የእሱ ግማሹን አይሆንም። በጣም ተኩራራብኝ። ግን ከፊት ይነዳ የነበረው እሱ ነው! በሌላ ቀን ከኋላዬ ሲመጣ ልዩነቱ ጠበበ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። መኪና ተከትላችሁ ስትሄዱ አቧራው ጣሪያም ጋ ይደርሳል። ለዚህ ጫፉ ላይ የሚሽከረከር ማጣሪያ ያለው፣ አቧራውን በግልጽ ሳህን ውስጥ የሚጥል ዓይነት አለ። በኮንቮይ ለሚሄድ እሱ ከተራው ይሻላል። ሳህኑን ማራገፍ ግን ትረሱታላችሁ። ሁሉም ሰው ይረሳዋል።

ያለ ስኖርክል የሚሄድ ሰው አማራጩ ቀላል ነው። ኦሪጅናል ፊልትሮ ይገዛል፣ ቶሎ ቶሎ ይከፍታል፣ ከፊቱ ካለው መኪና ይርቃል።

ሊገጠም ከሆነ

ፓራፋንጎ ይበሳል። የተበሳ ብረት ጠርዙ ቀለም ካልተቀባ ይዝጋል። ከስኖርክሉ እስከ ፊልትሮው ቤት ያለው መጋጠሚያ ሁሉ መታተም አለበት። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ ከፊልትሮው ቤት ስር ያለችው ትንሽ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ናት። እሷ ክፍት ከሆነች ጣሪያ ላይ ያለው አፍንጫ ከንቱ ነው። ገጣሚው ሲጨርስ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ሞተሩ በዝግታ እየሠራ አፉን በጠፍጣፋ ነገር ድፈኑት፤ በባዶ እጅ አይሁን። ሞተሩ ከታፈነ ታትሟል። ካልታፈነ «እንደገና ፍታው» በሉት።

ሌላም ጣጣ አለው። ተርቦው ሲስብ ድምፁ ጆሮ ስር ይመጣል። በሲዳማ የቡናና የእንሰት ማሳ መካከል ባለው ጠባብ መንገድ ደግሞ ቅርንጫፍ በመጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው።

አዲስ አበባ ሐዋሳ በአስፋልት ለሚመላለስ ሰው ስኖርክል አያስፈልገውም፤ በገንዘቡ ጥሩ ጎማ ይግዛ። በወር አንዴ ገጠር ለሚወጣ የመተንፈሻ ጎማና ንጹሕ ፊልትሮ ይበቃዋል። ሥራው ኮረኮንች ላይ ለሆነ፣ በተለይ ለተርቦ ናፍጣ፣ ስኖርክሉ ለአቧራው ብቻ እንኳ ያዋጣል። ወንዝ በተደጋጋሚ የሚሻገር ከሆነማ ስኖርክሉም የመተንፈሻ ጎማውም ግድ ነው።

ያንን ነጭ ሃይሉክስ ዋጋ አስቀንሼ ገዛሁት። ጌጡን ነቅዬ አራቱን ቀዳዳ አስደፈንኩ፣ የመተንፈሻውን ጎማ አስቀጠልኩ። እውነተኛውን አልገጠምኩም፤ የእኔ ሥራ ይርጋለምና ዲላ ነው፣ አስፋልት። የአጎቴ ልጅ ግን የእሱን ልንቀል ቢል እጣላዋለሁ።