የጀልባዬን ሞተር ላዳነልኝ የአዘዞ መካኒክ

ይህን የምጽፈው አንድ ልጅ ለማመስገን ነው። ጣና ሐይቅ ላይ፣ ጎርጎራም ሆነ ደልጊ ጀልባ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ እንድታውቁት።

ጎርጎራ ላይ አንዲት ጀልባ አለችኝ። ሞተሯ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ያማሃ ነው፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚገባበት ዓይነት። ማንዳባ መድኃኔዓለም ገዳምን የሚሳለሙ ሰዎች አመላልስባታለሁ፣ ቱሪስት ከተገኘም እሰየው። ከጥር ወዲህ ግን ሞተሩ አመል አወጣ። በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳልሰጠው በዝግታ ሲሰራ ምንም አይልም። ነዳጅ ስሰጠው አምስት ደቂቃ ያህል ይሮጥና ይንተፋተፋል፣ ከዚያ ቀጥ። አንድ ቀን ሰው ጭኜ ውሃ መሃል ቆመብኝ። ገመዱን ስስብ ክንዴ ዛለ። አንድ አባትማ በመቋሚያቸው ሊቀዝፉልን ሞከሩ።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ ካርቡሬተሩን አጠበና ካንዴላ ቀየረ። አልዳነም። ደግሞ አጠበ፣ ደግሞ ቀየረ። እኔም ደግሜ ከፈልኩ። በመጨረሻ "ሞተሩ አርጅቷል፣ ሽጠው" ተባልኩ።

አንድ የደንቢያ ሽንኩርት አምራች ነው አዘዞ ያለውን ልጅ የጠቆመኝ። ዋና ስራው የመስኖ ውሃ ፓምፕና ባጃጅ መጠገን ነው። እውነቱን ልናገር፣ ሳየው ልጅነቱ አላሳመነኝም። ሞተሩን ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ አስገብቶ አስነሳው። ያለ ውሃ ማስነሳት ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን የውሃ ፓምፕ ጎማ ወዲያው ያቃጥለዋል አለኝ። በርሜሉ ውስጥ ግን ሞተሩ ጨዋ ሆነ። አንድ ቡሎን ሳይፈታ ካቻቢቴውን አስቀመጠና "ጋሼ፣ ይሄ ጭነት ላይ ነው የሚታመመው። ሐይቁ ላይ ካላየሁት አልነካውም" አለኝ።

በማግስቱ በሚኒባስ ጎርጎራ ድረስ መጣ። ውሃ ላይ ወጣንና ሞተሩ እንደ ልማዱ መንተፋተፍ ሲጀምር ልጁ ወደ ሞተሩ ዞርም አላለ። ያየው የቤንዚኑ ቱቦ መሃል ያለችውን በእጅ የምትጨመቅ ላስቲክ ነው። ተጣብቃ ጠፍጣፋ ሆናለች። "ሞተሩ ቤንዚን እየሳበ ነው፣ የሚደርሰው ግን የለም። ችግሩ ከላስቲኳ ወዲህ፣ ወደ ሳልባትዮው፣ ወደ ቤንዚን መያዣው በኩል ነው" አለ። የሳልባትዮውን ክዳን የአየር ማስገቢያ ከፈተ፣ ለውጥ የለም። ውስጥ ያለችውን ወንፊት አየ፣ ንጹህ ናት። ከጎረቤት ጀልባ ቱቦ ተውሰን ስንገጥም ሞተሩ እስከ ማንዳባ ድረስ በረረ።

የእኔን ቱቦ በቢላ ሰነጠቀው። ከውጭ አዲስ ይመስላል። ውስጡ ግን ተልጦ ተንጠልጥሏል፣ ሞተሩ በኃይል ሲስብ መንገዱን ይዘጋል። "የውሃ ቱቦ ነው የሸጡልዎት፣ ቤንዚን ይበላዋል" አለኝ። አፈርኩ። አምና ርካሽ ብዬ የገዛሁት ራሴ ነኝ። ለቤንዚን የተሰራውን ቱቦ ገጠመልኝ። ያስከፈለኝ ቀድሞ ካወጣሁት አስረኛውን አይሞላም። የመንገዱን እንኳ በግድ ነው ያስያዝኩት።

በዚያው ከሞተሩ የሚተፋው ውሃ መቅጠኑን አየና የውሃ መግቢያውን ፈተሸ። የእንቦጭ ሥር ተሰግስጎበታል። ያ አረም ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ያላስመረረን ነገር የለም። ልጁ ሥሩን በሽቦ ጎትቶ አወጣና ውሃው ከቀጠነ ሞተሩን ወዲያው እንዳጠፋ አስጠነቀቀኝ።

እኔም አይኔን በጨው አጥቤ "ፍጥነት ጨምርልኝ" አልኩት። ሳቀ። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። አየሩ ስለሚሳሳ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። "የእርስዎ 40 እዚህ 33 ገደማ ነው" አለኝ። ካንዴላዎቼን የሚያጠቁራቸውም አንዱ ነገር ይኸው ነው፣ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛል። ካርቡሬተሩ ላይ ቤንዚን የምታሳልፈውን ጅግለር ቀዳዳዋ ጠበብ ያለ ሲያገኝ ሊቀይርልኝ ቃል ገብቷል። ሌላው ቢሆን "እሺ" ብሎ ብሬን ይበላ ነበር።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል፣ ዓይናፋር ነው። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ግን ሳልባትዮውንና ቱቦውንም ይዛችሁ ሂዱ። ሞተር ብቻ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ሲያይ ይስቃል።