ግሬት ቫይብስ ፎንት፦ ከስምንት ወር የሰርግ ካርድ በኋላ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የህትመት ቤት አለኝ። የሰርግና የኒካህ ጥሪ፣ የምርቃት ካርድ፣ የሱቅ ስቲከር እንሠራለን። ግሬት ቫይብስን መጠቀም የጀመርኩት መስከረም ላይ ነው። በእጅ የተጻፈ የሚመስል የላቲን ፎንት ነው፤ የሮበርት ሉሽኬ ሥራ። በነፃ ይወርዳል፣ ለንግድም ይፈቀዳል። ለእኔ ቢጤ ቤት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ትልልቆቹ ፊደላት በብራና መጽሐፍ ራስጌ ላይ እንዳለ ሐረግ ይጠማዘዛሉ። ትንንሾቹ ረጋ ብለው ተያይዘው ይሄዳሉ። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ደንበኛ ሁሉ በእንግሊዝኛም ጻፍልኝ ይላል፤ የሙሽሮቹ ስም በወርቅማ ቀለም ሲወጣ በጣም ያምራል።

ጥር ላይ ግን አንድ ሥራ አበላሸሁ። ደንበኛዬ “ሁሉም በዚህ ይሁን” አለኝ፣ እሺ አልኩ። የአዳራሹን አድራሻ በ11 ፖይንት የፊደል መጠን አስገባሁት። ስክሪን ላይ ምንም አይልም ነበር። ሲታተም ቀጫጭኑ መስመር ጠፋ። 200 ካርድ ከኪሴ ደግሜ አተምኩ። ከዚያ ወዲህ ከ24 ፖይንት አላወርደውም፣ ከስም ውጭም አልጽፍበትም። በትልልቅ ፊደል ብቻ መጻፍም አይሆንም፤ ጥምዙ ይተበተባል። በፊደላቱ መካከል ክፍተት ከጨመራችሁም መያያዣው ይበጠሳል።

ስቲከር ለምትቆርጡ፦ ፊደላቱ የሚያያዙት ተደራርበው ነው። ኮረል ድሮው በሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ላይ ጽሑፉን ወደ ከርቭ (ወደ መስመር ቅርጽ) ቀይራችሁ በዌልድ ትዕዛዝ ካላዋሃዳችኋቸው የፕሎተሩ፣ ማለትም የመቁረጫ ማሽኑ፣ ቢላ መጋጠሚያውን ሁሉ ይበጣጥሰዋል።

የግዕዝ ፊደል የለውም። “አማርኛውንም እንዲህ አያይዝልኝ” የሚለኝ ብዙ ነው። አላደርገውም። የእኛ ፊደል አይያያዝም፤ ውበቱ ሌላ ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስን የብራና ጽሕፈት አስቡ። በመቃ ብዕር የተጻፈ፣ እያንዳንዱ ፊደል በራሱ እግር የቆመ፣ የቅዱሳን ስም በቀይ። አሁን የአማርኛውን ስም አቢሲኒካ ኤስአይኤል በሚባለው የግዕዝ ፎንት፣ በደማቅ ቀይ፣ ከፍ አድርጌ እጽፋለሁ። እሱም ነፃ ነው፤ የተሠራውም ከዚያው ከብራናው ወግ ተነስቶ ነው። ግሬት ቫይብስ ከሥሩ አነስ ብሎ ይገባል። መጀመሪያ ላይ በተቃራኒው ነበር የማደርገው፤ አማርኛው የእንግሊዝኛው ትርጉም ይመስል ነበር።

ኒካህ ላይ ነገሩ ይለያል። የወሎ ሼኾች አማርኛን ሳይቀር በዐረብኛ ፊደል ሲጽፉ ኖረዋል፤ ዐጀሚ የምንለው ነው። ያ ጽሕፈት ተያይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ቢስሚላህ ከላይ በዐረብኛ ሲኖር ግሬት ቫይብስ ይጣላዋል፤ ሁለት ጥምዝ አንድ ካርድ ላይ አይስማሙም። ባለፈው ሳምንት የልጃቸውን ጥሪ ያሠሩ አንድ ሐጂ የመጀመሪያውን ናሙና አይተው ዝም አሉ። የላቲኑን ስም ወደ ቀላል ፎንት ቀይሬ መለስኩላቸው። “አሁን ቢስሚላው ተነበበ፣ ልጄ” አሉኝ።